በጥቅምት አንድ ሬሳ

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላል ያገሬ ሰው፣
ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ሰልፍ የሚያሰልፈው።
እኔ ግን ደሞዜን ከፍዬ ለኪራይ፣
ለባና፣ ለከሰል፣ ለስኳር፣ ለሻይ፣
ከተረፈችው ላይ ሳንቲም ስለቃቅም፣
ሬሳ ያስከራያል፣ አጥንት ግን አይገዛም።

ደብረ ብርሃን መፀው፤ ከጠባሴ ማዶ
ገብሱ አጎንብሶ፣ ሌሊቱ በረዶ፤
ማለዳ ሣሩ ላይ አመዳይ ነስንሶ
ውርጭ ይጠብቀኛል ደጄ ላይ ጋቢ ለብሶ።

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጎማ ከሚለጠፍበት፣
ሸዋቀና አለ ላስቲኩን ዘርግቶበት።
መጽሐፍ ያከራያል፤ ላንድ ሌሊት አሥር ብር፣
መያዣ መታወቂያ፤ የጠፋ ገጽ ቢኖር
እሱ አያውቅም፤ ሲሸጡለትም እንዲያ ነበር።

«ፍቅር ልስጥሽ?» ይላል፤ «ታሪክም መጥቷል።»
«ግድያ» እለዋለሁ። ጭራሽ ለምዶኛል።

አመራረጥ አለኝ፤ ያገኘሁትን አልወስድም፤
ሽፋኑ ላይ ጩቤ ከተሳለ አልነካም፤
ደሙን ደጅ ያፈሰሰ ውስጡ ምን ሊተርፈው?
ሟቹ እስከ ገጽ አሥር ይሙት፤ ስምም ይኑረው።
ሀብታም ቢሆን ጥሩ፤ ክፉ ቢሆን ይመረጣል፤
አምስት ሰው የጠላው ሰው ሌሊት ያሳጥራል።
ገዳይዋ ሠራተኛዋ ከሆነች ግን እጥላለሁ፤
ጎረቤቴን ከቤት ሲያባርሯት አይቻለሁ፣
ማንኪያ ጠፋ ብለው።
(ማንኪያው ሶፋ ውስጥ ነበር።)

«ስም ይኑረው» የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤
ቀን ቀን ፍርድ ቤት ነኝ፣ መዝገብ ቤት፣ እስካሁንም።
የዛሬ ሃያ ዓመት፣ በእንዲህ ያለ ወራት፣
«ሟች፦ ስሙ ያልታወቀ» ብዬ መታሁበት፤
«የተገኘበት፦ በሬሳ»፣ «ወንዝ» የሚለውን ዘልዬ።
ዳኛው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፣ እሳቸውን ተከትዬ።
ሁለት ቀጠሮ ሄደ። ምስክር አልመጣም።
መዝገቡ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠየቀም።

ዘንድሮ የመረጥኩት ሽፋን እንኳ የለውም፤
በካርቶን ተለብጧል፤ ደራሲው አይታወቅም።
ገጽ ሦስት ላይ በእርሳስ አንዱ ቀድሞኝ ጽፏል፦
«አትድከም፣ ሐኪሙ ነው።» እጁ ይነቀል!

ሁለት ሌሊት ሙሉ ሐኪሙን ጠበቅኩት፤
መብራት ሄደ፤ በሻማ፣ ባና ውስጥ፣ ተከተልኩት፤
ሻይ ሲጠጣ ጠረጠርኩት፣ ሲያስነጥስ ፈረድኩት፤
ገጽ መቶ ስልሳ ላይ ሐኪሙም ሞተ።

ባለ እርሳሱ ዋሽቷል፤ ወይ ሳይጨርስ ተኝቷል።
ኋላ መርማሪው ሁሉን ሳሎን ሰበሰበና
ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወደ መስኮቱ አየና
«ገዳዩ» አለ፣

ገጹ ተቀዷል።

«ሸዋቀና!» ብለው፣ ትከሻውን ሰበቀ፦
«ወርቅያንጥፉ ትወስዳለች ገጹ የወላለቀ፤
ቆሎ ትጠቀልልበታለች፤ እሷን ጠይቂያት።»
ሄድኩ። የአንድ ጥቅል ቆሎ ዋጋ ሰጠኋት።

የመጀመሪያው ጥቅል የሒሳብ ደብተር ነበር፤
ልጁ ስምንትን በሰባት ሲያባዛ የተሳሳተበት።
ሁለተኛው የዕድር ደረሰኝ። ሦስተኛው የምርጫ ወረቀት።
መንጋጋዬ ዛለ። ቢሮ ውስጥ ለሁሉም አደልኩ፤
«ምን ነካሽ ዘንድሮ?» አሉኝ። «ጥቅምት ነው» አልኩ።

ስድስተኛውን ጥቅል ብርሃን ላይ ሳላላው
የታይፕ ፊደል ነው፤ አንድ እግሩ የማይመታ «ሰ» አለው።
የኔ ታይፕ።
«ሟች፦ ስሙ ያልታወቀ።
የተገኘበት፦ በሬሳ።»
ወንዝ የለም።

መዝገብ ቤቱ ሲጸዳ በኪሎ ሸጠውታል።
ቆሎውን ኪሴ ገለበጥኩት፤ እስካሁን እዚያ ነው፣ ይንኮሻኮሻል።

ማታ ሻማ ለኩሼ ሁለቱን ጎን ለጎን አኖርኩ፤
ለአንዱ አሥር ብር፣ ላንዱ የቆሎ ዋጋ የከፈልኩ፤
ሁለቱም ጫፍ የላቸው።
እርሳስ ፈለግኩ።
ወረቀቱን በመዳፌ አቃንቼ፣ ጨዉን አራግፌ፣
«በሬሳ» ካለው ቀጥሎ
«ወንዝ» ብዬ ጨመርኩበት።

ነገ መጽሐፉን እመልሳለሁ፤
መታወቂያዬ እዚያ ነው።