የስፌት መኪናዋ እግር

ሰኞ ገበያ ላይ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
የጋሽ አበጋዝ መኪና አንድ እግሯ ሰንካላ፤
ከሥሯ የገባች ቀጭን መጽሐፍ አለች፣
አሥር ክረምት ሙሉ ብረት የተሸከመች።

የፓርቲው ፕሮግራም ናት፤ ገልጦም አላያት፣
ውፍረቷን በጣቱ ለክቶ መረጣት።

እሱ ግን አባል ነው፣ አባል እስከ አጥንቱ፤
ካርዱ በላስቲክ ታሽጎ ያድራል ከደረቱ፤
ከሐረጎ ዳገት እስከ አይጠየፍ አዳራሽ
ጭብጨባ ሲሆን ጀማሪ፣ ጭብጨባ ሲሆን ጨራሽ።
የቤት ኪራይ ቢያሳድር፣ መዋጮ አያሳድርም።

ያን ዕለት ጉም ከጦሳ ወርዶ ገበያው ቀዘቀዘ፤
እኔም አዝራር ተካዩ፣ እጄ ሥራ ስላልያዘ፣
መጽሐፏን ከተጫናት እግር መንጭቄ አወጣኋት፣
ሽፋኗን ወደ ኋላ አጥፌ ጮክ ብዬ አነበብኳት፦
«ልባሽ ጨርቅ በገፍ፣ ያለ ቀረጥ እንዲገባ...» አልጨረስኩም።
እንዲህ ሲቆጣ በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም።
ከከንፈሩ የያዛት እስፒል መሬት ወደቀች፤
«ይቺማ የእነዚያ ናት! ጉሮሮዬን ልትዘጋ የመጣች!
አላልኩም? አላልኩም? ሰፊን ጾም ሊያሳድሩ!
እኛ ነን ያስቆምናቸው!» ተገተረ የአንገት ሥሩ።

ሽፋኗን ዘረጋሁለት።
ያው መሰላል። ያው ቢጫ። ኮቱ ላይ ያለው ምልክት።

ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፤ መልሶ አንገቱ ላይ ጣለ፤
«መኪናዋ ተንጋደደች፣ መልሰህ ክተታት» አለ።

ከተትኳት። ስፌቱም ቀና።
ማታ፣ ሱቁን ቆልፈን ወደ አራዳ ስናቀና፣
ድምፁን ከዝናቡ በታች አድርጎ፣ ሰው እንዳይሰማ፣
«የሚቀጥለው ገጽስ... እሱስ ምን ይላል?» አለኝ በጨለማ።