ቅባት

ነፋስ ጥሎን ሄደ፣ ከሲልባ ደጃፍ ላይ፣
ሸራው ተልፈስፍሶ የታጠበ ልብስ መስሎ ሲታይ።
ቬድራን ሞተር አላስነሳም፤ መቅዘፊያ አኖረ በእጄ፤
«እዚህ ደሴት» አለ፣ «በጩኸት አይገባም፣ ወዳጄ።»

መኪና አያውቅም መንገዱ፤ ግራ ቀኙ የድንጋይ አጥር።
የጥንት መርከበኞች ቤት መስኮቱን ዘግቶ ያንቀላፋል፣
አንድ ድመት ብቻ ከጥላ ወደ ጥላ ያልፋል።
ዕቃ የሚሄደው በጋሪ ነው፣ ባለ አንድ ጎማ፣ የእጅ፤
በየበሩ ተደግፏል፣ እንደታሰረ ፈረስ በደጅ።
በየጎኑ ስም ተጽፏል። የቶንካ ጋሪ ግን ስም የለውም፤
ሲሄድ ይናገራል፤ ሌላ መታወቂያ አያስፈልገውም።

ሲጢጥ፣
ሲጢጥ፣
ከዳገቱ እስከ ወደቡ፣ ሲጢጥ።

ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጀርባዋ እንደ ማጭድ ጎብጧል፤
ሁለት ጀሪካን ውሃ ጭናለች፣ ላቧ አገጯ ላይ ተቀምጧል።
ተቀበልኳት፣ ገፋሁላት። በሯ ላይ የደረቀ በለስ
ሰጠችኝ፣ በጋዜጣ ቁራጭ።

ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው፣ የጭነት መኪና ሥር ተኝቼ፤
የሚጮህ ብረት አላልፍም፣ እጄን በኪሴ ከትቼ።
ማታ ከጀልባው ግሪስ ወሰድሁ፤ ጎማውን ፈታሁ፣ ቀባሁ፤
ጋሪው ዝም አለ።
ጽድቅ የሠራሁ መሰለኝና ደስ እያለኝ ጀልባው ገባሁ።

ንጋት ላይ ጩኸት ቀሰቀሰን።
ዩሬ ነበር፣ የፊት ለፊቷ ጎረቤት፤ በሩን በርግዶ ወጥቶ፣
አንድ እግሩ ጫማ፣ አንዱ ባዶ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ረስቶ፣
«ቶንካ! ቶንካ!» ይላል።
ቶንካ ግን ከወደቡ እየመጣች ነው፣ ጋሪዋን እየገፋች፣
በዝምታ።
አየችው። ቆመች።

አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም፣ በአንዲት የወይራ ዛፍ ተጣልተው፤
ግን ሲጢጧ ካለፈች በኋላ ነው፣ ራዲዮኑን የሚከፍተው።

ማንም አልተቆጣኝም። ቶንካ ብቻ አመድና ጨርቅ ሰጠችኝ፣
ወደ ጎማው በአገጯ ጠቆመችኝ።
ፈተግሁ፣ በባሕር ውሃ አጠብሁ።
ዩሬ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ጎማውን ያዘልኝ፣
ዓይኑን ከእሷ እያሸሸ፤
እሷም አንድ በለስ አቀበለችው፣ ፊቷን ሳትመልስ።

በሦስተኛው ቀን ነፋስ መጣ፤ ሸራው ጠጥቶ ጠገበ።
ደሴቲቱ ስታንስ ጆሮዬን ወደ ኋላ ጣልሁ፤
ውሃው፣ ገመዱ፣ የሸራው ጠርዝ፤
ከዚያ፣ እንደ ክር የቀጠነ፣

ሲጢጥ።

ቬድራን ግሪሱን አነሳ፤ «መዘውሩ ነው» አለኝ።
«ተወው» አልሁት።