የላንቃሞ ዶቅዶቄ

ሐዋሳ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጭቃው በማይደርቅበት፣
ላንቃሞ ዶቅዶቄ ይሠራል፣ ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት።
ክፈፉን ጉልበቱ ላይ አጥፎ፣ መሪውን በዓይኑ ለክቶ፣
ሰልባትዮውን ከላሜራ ቀጥቅጦ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቶ፣
በጣቱ አንጓ መታ አድርጎ፣ ጆሮውን ለጥፎ ሰምቶ፤
«ይሄ ያገለግላል» ካለ፣ ያገለግላል።
ካላለ፣ ወደ መዶሻው ይመለሳል።

ገዢዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ መዝገቡ በእኔ እጅ ነው፤
የእህቱ ልጅ ነኝ፣ የተመረቅሁትም በገበያ ጥናት ነው።
የከብት ሐኪሙ ሃሜሶ፣ ክትባት በበረዶ ጭኖ አለታ ወንዶ የሚወጣው፣
ግብር ሰብሳቢው ዱካሞ፣ የአገሩ ውሻ ሁሉ በድምፁ የሚለየው፣
ወንጌላዊው ሻሜና፣ መጽሐፉን ከኋላ በጎማ ገመድ የሚያስረው።

አንድ በአንድ ጡረታ ወጡ። ወገብ አለ፣ ዓይን አለ።
ዶቅዶቄው ለልጅ ተላለፈ፤
ልጅ ሸጠና ሌላ ገዛ፤
ቀይ፣ ቀላል፣ ድምፅ አልባ፣
እንደ ስልክ የሚሞላ፣
እንደ ስልክ በሁለት ዓመት የሚያረጅ።

መዝገቤ ነጭ ሆነ።

ያኔ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት።
«ወይ አባትህን ምሰል፣ ወይ ዘመንህን ምሰል» አልኩት።
«ወጣት ቀለም ይወዳል፤ ቀለም እንቀባ።
ወጣት ዘፈን ይወዳል፤ ድምፅ ማጉያ ይግባ።»
እሺ አለ።
አጎቴ እሺ ሲል ያስፈራል።

ብርቱካናማ ቀባን፤ መብረቅ ሣልንበት፤
ከመቀመጫው ሥር ሰማያዊ መብራት ሰካንበት፤
እሑድ ማታ ሐይቁ ዳር፣ ሰው በሚንሸራሸርበት
አቆምነው።
አባ ኮዳዎች ከዛፍ ላይ ቁልቁል አዩት፤
ልጆች ፎቶ ተነሡበት።
ተነሡና ሄዱ።
አንዱ ብቻ ዞር ብሎ፦
«ጡረተኛ ጂንስ ሲለብስ!» አለ።

ላንቃሞ ሰማ። ሳቀም።
ሌሊቱን መብረቁን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ ነጋ።

በሐምሌ፣ ዝናብ ታቦርን በሸፈነበት ጧት፣
አንዲት ልጅ መጣች፤ ዳንጊሴ፤
ከኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ ከሸሚዝ ክፍሉ፣
ከሌሊት ፈረቃ፣ ክር በፀጉሯ እንደተሰካ።
ዋጋ አልጠየቀችም። ቀለም አልጠየቀችም።
ጎንበስ አለችና፦
«ይሄ የሚፈታው እንዴት ነው?»

እኔ ዋስትና፣ ቅናሽ፣ ዱቤ ልዘረዝር አፌን ስከፍት
ላንቃሞ ኪያቤ አቀበላት። አሥራ ሰባት ቁጥር።

«የስፌት መኪናዬ ሲቆም» አለች ብሎኑን እያላላች፣
«መካኒክ እስኪመጣ እጄን አጣጥፌ እቆማለሁ፤ ከደሞዝ ይቆረጣል።
የራሴ የሆነውን እንኳ፣ ራሴ ልክፈተው።»

ስምንት ቅዳሜ ተመላለሰች።
ካንዴላ አወጣች፣ ጠረገች፣ መለሰች፤
የፍሪሲዮን ሽቦ ቀየረች፣ በጠሰች፣ ቀየረች፤
ላንቃሞ ከአጠገቧ ቆሟል፣ ዝም ብሎ ያያታል፤
እጁ ግን ኪሱ ውስጥ ከራሱ ጋር ይታገላል።

እቁብ ሲደርሳት ከፈለች።
በዘጠነኛው ቅዳሜ ነድታ ወጣች፤
ጥቁር፣ ምንም ያልተሣለበት።

ከዚያ ወዲያ፣ ማታ ማታ፣ ከአቶቴ በኩል ይሰማል፦
ዶቅ ዶቅ… ዶቅ። ዶቅ… ዶቅ ዶቅ።
ላንቃሞ ማንኪያውን ያስቀምጣል።
«ካርቡራቶሩ አየር ይስባል። ነገ ትመጣለች።»
በነጋው ደጁን ጠረገ፣ በርጩማ አወጣ።
አልመጣችም።
በማግስቱም በርጩማው ዝናብ መታው።

በአራተኛው ማታ ድምፁ መጣ፤
ዶቅ ዶቅ ዶቅ ዶቅ፣
እንደ ስፌት እኩል፣ እንደ ስፌት የጠበቀ።
ራሷ አጥብቃዋለች።

ደስ ይበለው ይክፋው፣ ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም።
ማንኪያውን አነሣ። ወጡ ቀዝቅዟል።

ቅዳሜ ሁለት የፋብሪካ ሴቶችና አንድ የባጃጅ ልጅ በር ላይ ቆሙ።
ዋጋ የጠየቀ የለም።
መዝገቡን ገለጥኩና ብዕሬን ያዝኩት፤
ገዢ ብዬ ልጻፍ? ተማሪ ልበላቸው?
አጎቴ ግን ጀርባውን ሰጥቶን ኪያቤ ይቆጥራል፤
ሁለት ይጎድለዋል።