የስንዝር በረዶ

ውቅያኖሱንማ ተኝቼ አለፍኩት፤
የቀረችኝን ቁራጭ መንገድ ነው በጣቴ የቆጠርኩት።

ቲኩሪላ ላይ ባቡር ስቀይር
ሻንጣዬ አንካሳ ሆነ፤ አንድ ጎማው ቀረ ከሐዲዱ ሥር።

ላህቲ ላይ ጫጫታው ወረደ፣
ኮቮላ ላይ ጎረምሶቹ ወታደሮች፣ ካርታቸውን እንደያዙ፤
ከኩኦፒዮ ወዲያ ጥዱ ብቻ ነጎደ።

ትኬት ተመልካቿ «ካያኒ?» አለችኝ በሰፈሬ ለዛ፤
ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፣ እንደ ዋዛ።

ስደርስ ጨልሟል። የትኬት መስኮቱ በጣውላ ታሽጓል፤
አባቴ ኤርኪ ከመብራቱ ሥር ቆሟል።

«መጣሽ?»
«መጣሁ።»

አንካሳውን ሻንጣ ተሸከመልኝ።
«ብዙ ጠበቅህ ወይ?»
«አሁን ነው» አለና ሞተሩን ቀሰቀሰ፤
የስንዝር በረዶ ከጣሪያው ተንዶ መስታወቱ ላይ ፈሰሰ።

መጥረጊያው እስኪወስደው
ሁለታችንም እንዳላየ ሆንን።