በር ለከፈተ

ሦስት ጊዜ ከፈተ፣ ሦስት ጊዜ ዘጋ፣
ያ ነው ሥራው ሁሉ፣ ያ ነው ያለው ዋጋ፤
አምስት ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ሦስት ዩሮ፣
ስድሳ ሳንቲም ደግሞ ከኋላው ተጨምሮ።

ለሦስት አካፈልኩት፣ ትራሙን ስነዳ፣
ድልድዩን ስሻገር፣ ሲታየኝ ፉልዳ፤
አንድ በር ለመክፈት አንድ ሺህ ሰባት መቶ
ስድሳ አንድ ዩሮ፤ ያውም እሱ ገብቶ፣
እኛን ደጅ አቁሞ፣ መብራቱን አብርቶ።

ሄር ፎልማን ይባላል። ሽቶው ደስ ይላል።
"በረንዳው በደቡብ ነው፣ ፀሐይ ያገኛል" ይላል፤
ፀሐይቱን ራሱ ያመጣት ይመስላል።

ባለቤቴ ስንዱ፣ ስሟ እንደሚለው ናት፤
ሰማያዊ ፋይል፣ ሁለት ብዕር አላት።
ለመንግሥት ግብር፣ ስምንት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ፤
ለውል አዋዋይና ለመዝገብ ቤት፣ ሦስት ሺህ ግድም፤
ለአስተርጓሚ፣ ሦስት መቶ ሃያ።
ከሥር አሰመረች፣ በቀይ ደመረች፣
ድምሩን ሳትነግረኝ ሻይ ልታፈላ ሄደች።

አሥራ ሰባት ሺህ ነው፣ ከነትርፍራፊው፤
አንድ ጡብ የለበት፣ አንድ ምስማር የለው።

የቀጠሮው ለታ ካሰል ዝናብ ነው።
ዶክተር ክሩገር ቢሮ፣ ምንጣፉ ግራጫ ነው።
በዚህ አገር ሕጉ፣ ውል ሲፈረም ይነበባል፣
ከመጀመሪያው ቃል እስከ አራት ነጥቡ ድምፅ ወጥቶ ይሰማል።
ዳዊት እንደሚደግም፣ ትንፋሽ ሳታባክን፣
ሃያ ሰባት ገጽ ወረደችው፣ ቀና ሳትል አንዴ እንኳን።

ከጎናችን አቶ ልሳነወርቅ፣ መሐላ የፈጸመው አስተርጓሚ፤
የባቡሩ ትኬት በኛ፣ ምሳውም በኛ፣ ግን ረጋ ያለ፣ ሰሚ፤
አንዷ ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ላብ ላብ አለው።
"ይህቺን ቃል" አለ፣ "በኛ እንዴት ልበለው...
ባንኩ በቤቱ ላይ የሚያስመዘግበው፣
ዕዳ ነው ልላችሁ፤ በደልም ነው ደግሞ፤
እነሱ ጋ አንድ ቃል ነው፣ ሁለቱን ተሸክሞ።"

ስንዱ "ዕዳ" ብላ ጻፈች።
ሌላይቱ ቃል ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረች።

ኮተቤ፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣ አንድ አግዳሚ ላይ፣
ደላላ ነበርኩ እኔ፤ ሁለት በመቶ ከገዢ፣ ሁለት ከሻጭ፣ ያውም በአንድ ፀሐይ።
ባላቸው ሞቶባቸው፣ የአሥራ አንድ ዓመት ቁጠባ ይዘው
መጡልኝ አንዲት ሴት። ቤቱን በጥር አሳየኋቸው፤ ሰማዩ ደረቅ ነው።
ጣራው እንደሚያፈስ አውቃለሁ።
"ብርሃን የሞላበት" አልኩ። በየቀዳዳው ሲገባ አይቻለሁ።
ዝናብን አላነሳሁም። ኮሚሽን የሚጠብቅ ሰው፣
ዝናብ የሚባል ነገር በቋንቋው የለው።
ሐምሌ ላይ ተመለሱ፤ ከነጠላቸው ውሃ እየወረደ፣
"ልጄ፣ የከፈልኩህ ለምኑ ነበር?" አሉኝ ወይዘሮ አጸደ።
"በሩን ስለከፈትኩልዎ" አልኩ። እንዲህ አልኩ። በዚህ አፌ።
ከዚያ ሻይ ቤት ገባሁ፣ ከዝናቡ ተርፌ።

"ጥያቄ አላችሁ?" አለች ዶክተር ክሩገር፣ መነጽሯን አውልቃ።
ስንዱ አላት፤ መቼም አላት፤ መስኮቱን አየች፣ ጠብታውን ጠብቃ፦
"ግድግዳው ውሃ ያስገባል?"
ሄር ፎልማን ከጥግ ተነሳ። አሁን ይዋሻል፣ አልኩ፤ አሁን ፀሐይ ያወራል።
"የመኝታ ቤቱ ሰሜን ጥግ" አለ፣ "በጥቅምት ያረጥባል።
ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ አስጽፌዋለሁ።"
ገለጥን። ተጽፏል። ዝናቡ ተጽፏል።
ልሳነወርቅ ደግሞ ተረጎመው፤ እኔ ግን ሰምቼዋለሁ።

ውል በኛ ቋንቋ የክር ጫፍም አይደል፣
ሲጠፋ የሚፈለግ፣ ሲገኝ የሚያንገዳግድ፣ የሚጥል።
ፈረምኩ። እጄ ስሜን ሳተ፤ ደግሜ ፈረምኩ።
ገንዘቡን በማግስቱ፣ ከነስድሳ ሳንቲሙ፣ ላክሁ።

ደረጃ ስንወጣ፣ ሣጥን ተሸክመን፣ ስንዱ ቆም አለች፤
"ለምን አልተከራከርከውም? አንተ እኮ..." ብላ ተወችው፤ ቁልፉን አዞረች።

ባዶ ቤት ድምፅ ያበዛል። እርምጃዬ ከኋላዬ መጣ።
ሰሜኑ ጥግ ሄድኩና መዳፌን በግድግዳው ላይ አሳረፍኩ፣ ሳልቆጣ።
እርጥብ ነው። እንደተጻፈው።