ዓሣው ሰባት፣ ዜማው ዘጠኝ

ትሪየስቴ ላይ፣ ባሕሩ ከድንጋይ በሚላተምበት፣
ቦራ የሚሉት ነፋስ ካፖርት በሚገፍፍበት፣
ሃያ ሁለት ወንበር ያላት አለች አንዲት ምግብ ቤት፤
በወር አንዴ፣ ሐሙስ ማታ፣ የመንገድ በሯን ዘግታ፣
ሳህንና ቫዮሊንን ታቀርባለች አጠጋግታ።

ወጥ ቤቷ ኦርሶላ ናት፣ ክንዷ በዘይት ጠባሳ የተዥጎረጎረ፣
አባቷ በዚያው ወደብ ጆንያ ሲሸከም የኖረ።
ቼሎ ያዡ ታዴዮ ነው፣ ረጅም፣ ቁጡ ሰው፣
ሹካ ከሳህን ቢጋጭ ጥርሱን የሚያመው።

ፈጣኑ ክፍል ሲጀመር በሎሚ የታሸ ሽሪምፕ ይመጣል፤
ለጭፈራው ምት የባቄላና የጎምዛዛ ጎመን ሾርባ ይቀዳል።
እስከዚህ ሰላም ነው።

ጸቡ ከዚህ በኋላ ነው፤
ዓሣው ሰባት ደቂቃ ይበቃዋል፣
ዝግ የሚለው ክፍል ግን ዘጠኝ ይፈጃል።
"እንግዲያው ሁለት ደቂቃ አዘግይቼ ልክተተው?"
"ሞቼ ነው ቆሜ! ያ ቦታ ዝላታ ትንፋሽ የሚያጥራት ነው፤
ቀስቷ ከክሩ ሳይነሣ ድምፁ የሚያልቅበት፤
ያንቺ ዘይት ሊጮኽ ነው፣ እንደ ድመት፣ በዚያ ፀጥታ ፊት?"

ስለዚህ ዓሣው ቀድሞ ይገባል፤ በሰባት ይወጣል፤
ሁለት ደቂቃ በሙቅ ሳህን ላይ እንደ ደጅ ጠኚ ይጠብቃል፤
ይደርቃል።
ኦርሶላም አብራ ትደርቃለች።

ሳህን አጣቢው ሻፊቁል፣ ከሞንፋልኮኔ በአውቶቡስ የሚመጣው፣
የመርከብ ብየዳ ትቶ ሳሙና የለመደው፣
የጓዳውን በር በክርኑ ከፈት አድርጎ ያዳምጣል፤
"ዛሬ ቫዮላው ቀዝቅዟል" ይላል።
ማንም አልጠየቀውም። ይላል ግን።

እኛ "ጣዕመ ዜማ" ስንል ምላስና ጆሮ ባንድ ደጅ ይገባሉ፤
እነሱ ግን ሁለቱን በሁለት በር ያስገባሉ፤
ጆሮን በፊት ለፊት፣ ከከራባት ጋራ፣
ምላስን በጓሮ፣ በሽንኩርቱ ተራ።

የጥር ሐሙስ ነበር። ነፋሱ መስኮት ሲደበድብ፣
ኦርሶላ በተቆረጠ ጣቷ ላይ ፋሻ ስትተበትብ፣
ሙዚቃው ጀመረ።
ዓሣው ገና በረዶ ላይ ነበረ።
አንድ ደቂቃ። አንድ ተኩል። ሻፊቁል ቀና ብሎ አያት፤
"የመጣው ይምጣ!" አለችና ዘይቱን ዓሣ ለቀቀችበት።

ልክ ዝላታ ድምፁን ወደ ምንም ስታወርደው፣
ልክ አዳራሹ ትንፋሹን ውጦ ሲያዳምጠው፣
ከበሩ ሥር፦
ሽሽሽ...

ማንም አልሳቀ።
ጡረተኛው የመርከብ መሪ፣ ሽማግሌው ኤርሚኒዮ፣ ማንኪያውን አስቀመጠ፤
"ዘነበ?" ብሎ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ።
ሚስቱ እጁን ያዘችው፤ አልዘነበም አላለችውም።
ታዴዮን ጥርሱን አላመመውም።
ቀስቱን አንድ ትንፋሽ ያህል አየር ላይ አቆየው፣
ዘይቱ እስኪረግብ፤ ከዚያ ከሥር ገብቶ ዜማውን ተቀበለው።

ዓሣው በዘጠኝ ደረሰ። ቆዳው እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰበረ፣
ሥጋው ገና እርጥብ ነበረ።
ሃያ ሁለት ሹካ ባንዴ ያን ቆዳ ሲነካ፣
ያ ቤት አምስተኛ መሣሪያ ነበረው ለካ።

እንግዳው ሁሉ ወጥቶ፣ አራቱ ካፖርታቸውን እንደደረቡ፣
ጓዳ ገብተው ቆመው በሉ፣ እንደ ሁልጊዜው ተርበው፤
የቀዘቀዘ ፖሌንታ፣ የዓሣ ጅራት፣ የዳቦ ቂጥ።
ለጠገበ ሰው መጫወት ሆድ ያስርባል።
ኦርሶላ "ይቅርታ" አላለች፤ ታዴዮም "ግሩም" አላለ።
"ዘይቱ በዛ" አለች። "አዎ፣ በዛ" አለ።

የኖታው ወረቀት ላይ ግን (ሻፊቁል ነው ያየው፣ ማቆሚያውን ሲያጥፍ)
ከአሥራ ዘጠነኛው መስመር አናት፣ በእርሳስ፣ በሰያፍ፣
ድምፁ የሚያልቅበት፣ ባዶ ቦታ ካለበት፣
አንዲት ቃል ተጽፋለች፦ "ዓሣ"።
ከሥሯ ደግሞ፦ "ጠብቃት።"