የዓርብ ዥዋዥዌ

ከቤታችን ጀርባ፣ ከመስጊዱ ማዶ፣
ከልብስ ማጠቢያው ቤት ጥቂት ርምጃ ወርዶ፣
አንዲት መናፈሻ አለች በሻርጃ ምድር፣
ለሚሮጥ ጠባብ ናት፣ ለሚያርፍ ሰው አገር።
ሰባት የቴምር ዛፍ፣ አንድ የቆየ ኒም፤
ሣሩ በቧንቧ ነው፣ ዝናብን አያውቅም።

በሩ ላይ ሰሌዳ ቆሟል ተኮሳትሮ፣
የክልክል ዓይነቱን ከላይ እስከ ታች ደርድሮ፦
ጥብስ መጥበስ ክልክል፣ ውሻ ማምጣት ነውር ነው፣
ዥዋዥዌ አይወጣም አሥራ ሁለት ያለፈው።

ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ዐሥር ተኩል ሲሆን፣
ጃሲምን አስከትዬ፣ ተሸክሜ ኳሱን፣
ውሃውን፣ ብስኩቱን፣ ትርፍ ካልሲ ጭምር፣
እመጣለሁ፤ እርሱ ሲበር፣ እኔ ስቆጥር።
«ግፊኝ!» ይላል፤ እገፋለሁ።
«ከፍ!» ይላል፤ ከፍ አደርጋለሁ።
መዳፌ ጀርባውን ከፊቱ በልጦ ያውቃል፤
ሲስቅ ይለሰልሳል፣ ሲፈራ እንጨት ይሆናል።
አራት ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ገፍቼ፣
ስንዝር አልተጓዝኩም፤ እዚያው ተገትሬ ቀርቼ።

ዛሬ ግን ዓርብ ነው።
ዓርብ የራሴ ነው፤ ከጁምዓ እስከ መግሪብ፣
በጣሳ ተሰፍሮ፣ አንድ ፍሬ ሳይደረብ።
የገበያ አዳራሹ ብርሃን አላማረኝም፣
ጦይባ «ባሕር እንሂድ» ብላ ብትለምነኝም፤
እግሬ ለምዶ ነው መሰል፣ ሳልነግረው አመጣኝ፣
ከሥራ ቦታዬ ላይ ለእረፍት አስቀመጠኝ።

ከኒሙ ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ ዐርፌ፣
እጄን የማደርግበት አጥቼ፣ አጣጥፌ፣
አንዱ ልጅ «ማማ!» ሲል ካሥር ርምጃ ማዶ፣
ጉልበቴ ብድግ አለ፣ ሳልጠይቀው፣ ወዶ።
«ቁጭ በል፣ ያንተ አይደለም» አልኩት እየሳቅኩ፤
ቁጭ አለ።
እኔም ከርሱ ጋራ በግማሽ ተቀመጥኩ።

ጥር ነው፤ ፀሐይዋ ምሕረት አድርጋለች።
ግብፃዊው ከነሚስቱ ሱፍ እየፈለቀቀ፣
ቅርፊቱን በኮፍያው ያጠራቅማል እየሳቀ፤
ሁለት የኬራላ ሽማግሌዎች ጫማ አውልቀው፣
ሣሩን ይረግጡታል፣ ሐኪም እንዳዘዘው።
ፎቁ ላይ የኤሲው መንጋ ያጉረመርማል፤
እዚህ ታች ግን ነፋስ፣ ትንሽ፣ ጨው ጨው የሚል፣
ከባሕሩ ይመጣል።

ሻፊቁል፣ አትክልተኛው፣ ጠባቂውም እርሱ ነው፣
ፊሽካው ደረቱ ላይ፣ ቧንቧው እጁ ላይ ነው፤
«ዛሬ ልጁስ?» አለኝ በሰባራ ዓረብኛ፤
«ዛሬ እኔ ነኝ» አልኩት፣ በዚያው ቋንቋ፣ በእኛ።

መግሪብ ሲቃረብ ልጆች አንድ ባንድ ሲያልቁ፣
እናቶች ከአሸዋው ጫማ ለቅመው ሲርቁ፣
ዥዋዥዌው ብቻውን ሲመላለስ ቀረ፣
የሄደው ልጅ ጉልበት ውስጡ እንዳደረ።

ሰሌዳውን አየሁት። ሰሌዳው አየኝ።
ቀሚሴን ሰብስቤ
ተቀመጥኩ።

ወንበሩ ጠበበኝ፤ ሲጥ አለ ሰንሰለቱ፤
ከኋላዬ የለም፣ የሚገፋኝ በብርቱ፤
በጫማዬ ጫፍ ምድርን ወደ ኋላ ገፋሁ፤
አንድ።
ሁለት።
ሦስት ላይ መቁጠሩን ረሳሁ።

ፊሽካው ጮኸ።
ዞር አልኩ። ሻፊቁል ዓይኔን አየ፣
ትንሽ ቆየ፣
ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ
ሸሚዙ ላይ ጠረገ፤
ጀርባውን ሰጠኝና፣ አሁን ያጠጣውን ሣር
እንደ ገና ማጠጣት ጀመረ።

ከፍ ስል፣ ከአጥሩ በላይ፣
የመዳም ወጥ ቤት መስኮት ታየኝ፣ የክብሪት ቀፎ አህሎ፤
ዝቅ ስል ጠፋ።
ከፍ ስል ታየኝ፤
ዝቅ ስል ጠፋ፤
ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ሳቀ፣ ስሙን የማላውቀው።
ነገ ዐሥር ተኩል ላይ ጃሲም «ከፍ!» ሲለኝ፣
«ይበቃሃል» አልልም።

አንድ እግር ጫማዬ አሸዋው ላይ ወደቀ።
ይቆይ።
አዛን ገና ነው።